በባዶ ሆድ የሚቀዳ ደም

ከስፖርት ማዕከሉ «ከማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም እንዳትቀምስ» ተብሎ ነበር። እናትየው ግን ልጅን በባዶ ሆዷ ደም ቀድቶ ማስሮጥ የጤነኛ ሰው ሥራ አልመሰላትም። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ሻይ አፈላች፤ ስኳሩን ሳትሰስት ጨመረችበት፤ ዳቦም ቆርሳ አቀረበች።

«እማ፣ ተብሏል እኮ።»

«የተባለው ለጠገበ ሰው ነው። አንቺ ምን አለሽ? አጥንትሽ ሊቆጠር ምንም አልቀረው። ወድቀሽ ብትቀሪ ማን ያነሣሻል፣ አሰልጣኙ?»

«ደሜ ላይ እንዳይታይ ብዬ ነው።»

«ሻይ ደም ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል? ጠጪ፣ ነፍሴን አታውጪው።»

ልጅቷ ከእናቷ ጋር ተሟግቶ የረታ ሰው አይታ አታውቅም። ጭቅጭቁ እንዲያበቃላት ብርጭቆውን ጨለጠችው፤ ዳቦውንም እንደቆመች በላች።

ሰፈሩ «ሽውታ» ይላታል። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ማለዳ ማለዳ ሽው ስትል ያላያት የለም። እናትየው በምትሠራበት የልብስ ንጽሕና ቤት አብራት የምትተኩስ ሴት አንድ ቀን፣ «ልጅሽ አውቶቡሱን ቀድማው ስታልፍ አየኋት፤ ትኬት መቁረጥ አስጠላት እንዴ?» ብላ ብትቀልድባት፣ እናትየው ካውያዋን ሳታቆም ቀኑን ሙሉ ለብቻዋ ፈገግ ስትል ዋለች። አባትየው ግን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ለሩጫ ጆሮ የለውም። «ወይ የስፖርት ማዕከሉ ይቀበላት፣ ወይ የኤሌክትሪክ ሥራ ትምህርቷን ትጀምር። በእግር የሚኖረው ሲሳካ ነው» ብሎ ቆርጦ ተናግሯል። ለትምህርቱ ተመዝግባለች። ልቧ ግን ማዕከሉ ጋ ነው።

ማዕከሉ ሯጭ የሚመርጠው በሰዓት ብቻ አልነበረም። ሰው ሲፈጠር ይዞት የመጣውን አቅም አያለሁ ብሎ ደም ይቀዳል፤ ከጭን ላይ በመርፌ ቅንጣት የምታህል ሥጋ ይወስዳል፤ ከዚያ አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል አድርጎ በመሮጫ ማሽን ላይ ያስሮጣል።

ደም የምትቀዳው ነርስ መርፌዋን እያዘጋጀች፣ «ቁርስ ቀምሳለች?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ አፏን ስትከፍት እናትየው ቀደመቻት።

«ኧረ ምኑን። ውሃ ብቻ ነው።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ ክንዷን ዘረጋች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ውጤት ሲነገር አብረው ሄዱ። አሰልጣኙ ደጅ ላይ ቆሞ፣ «ጎበዝ ልጅ ነሽ። ግን አልተሳካም» አለ። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ «እሱን የማዕከሉ ሐኪም ናት የምታውቀው» ብሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ከእናቷ ፈንጠር ብላ ሄደች። ሰፈር ሲደርሱ ብቻ፣ «ሻዩ ነው» አለች። «አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ እናትየው ከሥራ አስፈቅዳ ለብቻዋ ወደ ማዕከሉ ተመለሰች። ሐኪሟ በዕድሜ ልጇን ብታክል ነው፤ ጓንቷን እያወለቀች አስገባቻት።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሻይና ዳቦ አብልቻት ነው ያመጣኋት። ነርሷንም የዋሸኋት እኔ ነኝ። ልጄ የለችበትም። ደሟን እንደገና ውሰዱላት።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ እናትየውን ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

«ስኳሩን ሳየው ጠርጥሬ ነበር። የደሙን ውጤት ጭራሽ አልቆጠርነውም። ይቀመጡ፣ እናቴ።»

«ታዲያ በምን ጣላችኋት?»

«ጡንቻ እንደ ምድጃ ነው» አለች ሐኪሟ። «ስብም ያነዳል፣ ስኳርም ያነዳል። አንዳንዱ ሰው ከተፈጥሮው ስቡን አብዝቶ ያነድና ስኳሩን ለመጨረሻው ያቆያል፤ ስለዚህ ቶሎ አይዝልም። እኛ የምንለካው ከነደደው የሚተርፈውን ነው፤ ከደምም፣ ከጡንቻም። ደሙን አንድ ብርጭቆ ሻይ ያበላሸዋል። ከጡንቻው ያነበብነውን ግን በአንድ ጠዋት ሻይ አይገለብጠውም። ትንፋሿም ያንኑ ነው የተናገረው። ሁሉን እናውቃለን አልልም፤ የእሷ ግን ግልጽ ነው፤ ስኳሩን ቶሎ ትጨርሳለች።»

«ልምምድስ? ከልጅነቷ ጀምሮ እኮ ነው የምትሮጠው።»

«ልምምድ ያሳድጋል። እኛ ያየነው ካደገ በኋላ ያለውን ነው።» ሐኪሟ ትንሽ አመነታች። «ከተመረመሩት አንዷ አውቶቡስ ለመያዝ እንኳ ሮጣ አታውቅም። ገና ሳትጀምር ልጅዎ ከደረሰችበት በላይ ናት። ፍርድ ነው አላልኩም። የለካሁትን ነው የምነግርዎ።»

እናትየው እጇን አየች። ያን ሥጋ ከእሷ በቀር ማን ሰጣት?

«ጠርቼ እኔው ልንገራት?»

«ይተዉት፣ ዶክተር። እኔ እነግራታለሁ።»

መንገዱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ ሄደች። ልጄ፣ አፈጣጠርሽ ነው። ልጄ፣ የምትችይውን ሁሉ አድርገሽ ያለሽ ይኼው ነው። አንዱም ከአፏ የሚወጣ አልሆነም። የሚወቅሰው ሰው ያገኘ ሐዘኑ ይቀለው ይሆናል ብላ አሰበች።

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ሳትል፣ «ምን አሉሽ?» አለች።

«ሻዩ ነው አሉ። ደምሽን አበላሽቶታል።»

«እንደገና አይወስዱም?»

«አይወስዱም።»

እናትየው ለቅሶ ጠብቃ ነበር። ስድብም ቢሆን ተዘጋጅታለች። የልጅቷ ፊት ሲበራ ማየት ግን ከቶ አልጠበቀችም።

«እግሬ ምንም አልጎደለውም ማለት ነዋ።»

«ምንም።»

«ትንፋሼስ?»

«ትንፋሽሽም።»

ልጅቷ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ሳበችና ማሰር ጀመረች።

«ሰኞ ትምህርት አለሽ እኮ» አለች እናትየው።

«አልሄድም። ለሚመጣው ዓመት እንደገና እመረመራለሁ። እስከዚያ ጠዋትም ማታም እሮጣለሁ።»

«አባትሽስ?»

«ለአባቴ አንቺ ትነግሪዋለሽ። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱ እስከ እናትየው ጥርስ ድረስ መጣ። አሁን ብታወጣው ግን ራሷን ለማዳን የፈጠረችው ይመስላል፤ ልጅቷም አታምናትም። ባታምናት ደግሞ አይፈረድባትም፤ ነርሷን እንዴት እንደዋሸቻት አጠገቧ ቆማ ሰምታለች።

«እሺ» አለች።

ልጅቷ በሩን ከፍታ ቆም አለች።

«ደግሞ የምመረመር ቀን ጠዋት እኔ ስነሣ ቤት እንዳትገኚ።»

«ወዴት ልሂድ?»

«የትም።»

ወጣች። እናትየው ደፉ ላይ ቆማ አየቻት። ጥጉን ታጥፋ እስክትሰወር ድረስ ልጅቷ እየፈጠነች ነበር።