ከመጽሐፉ የወጣው ዘበኛ

«የቅድመ አያትሽን እንጀራ የቆረጠው የኦሊቃ አባት ነው» ይላሉ ጎረቤታችን እትዬ ቡዜ። ባጃጅ ስንጠብቅ ይላሉ፣ ለቅሶ ቤት ይላሉ፣ ገበያ ሽንኩርት ሲመርጡ ካገኙኝም ሽንኩርቱን እንደያዙ ይላሉ። በተናገሩት ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩበታል፤ አምና ዘበኛው በጣቱ ነበር የጠቆመው፣ ዘንድሮ ፊሽካ ነፍቶ ሆኗል። «እትዬ ቡዜ፣ ፊሽካው አምና አልነበረም» እላቸዋለሁ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ያኔ እናትሽም አልተወለደች» ይሉኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያቴ አባት፣ አማኑ፣ በድሬዳዋው ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። አንድ ቀን ናዝሬት ጣቢያ ላይ የጉምሩክ ጠባቂዎች፣ በዚያ ዘመን አጠራር ፊናንሶች፣ ባቡሩን አስቁመው ከከሰል ጆንያ ሥር የኮንትሮባንድ ጨርቅ አወጡ። አማኑ ከሥራ ተባረረ። የጠቆመው የጣቢያው ዘበኛ፣ የኦሊቃ አባት ደገፋ ነው ተባለ። ቤተሰቡ ከናዝሬቱ ፍራንኮ ሰፈር ለቆ ሞጆ ገባ፤ አማኑም እዚያ ቆዳ ሲሸከም ኖሮ ሞተ። ሚስቱ ፀዳለ እስክትሞት ድረስ የደገፋን ስም ሳትረግም ውላ አታውቅም።

ልጃቸው ዲበኩሉ አያቴ ነው። ያሳደገኝም እሱ ስለሆነ አባባ እለዋለሁ፤ «አንተ» ማለቴን እትዬ ቡዜ እስካሁን አልለመዱትም። ከመምህርነት ጡረታ ሲወጣ የቤተሰቡን ታሪክ ሊጽፍ ተነሣ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እተይባለሁ። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የገቡት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ተሸክመው የሚመጡት ግን እኔ ወደምተይብበት የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ስለሆነ፣ ብዙ የቀረብኝ አይመስለኝም።

አባባ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገርና ግቢው ውስጥ ያለችውን ፓፓያ አፍጥጦ ያያል። ስለ ልጅነቱ ናዝሬት ሲያስጽፈኝ ድምፁ ሳይቀር ይለወጣል፤ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ፣ ባቡሩ ሲደርስ ብርቱካን ታቅፈው ወደ መስኮቶቹ የሚሮጡ ሴቶች፣ በቀትር የሐዲዱ ብረት ባዶ እግር ሲለበልብ። «አዳማ» ብዬ ስተይብ «ያኔ ናዝሬት ነበረች» ብሎ ያስመልሰኛል።

አንድ ቀን ስለ አባቱ እየነገረኝ መሀል ላይ ቆም አለ። «ሲባረር ከአጎትሽ ከሚኪያስ ያነሰ ልጅ ነበር እኮ» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ትልቅ ሰው ነው የማስበው። አሁን ስጽፈው ልጄን የምቆጣ ይመስለኛል።» ይሄንንም ተየብኩት። አስጠፋኝ።

ጋሼ ኦሊቃን ያገኛቸው ካረጀ በኋላ ነው፤ ዓይን ክሊኒክ። ሁለቱም የዓይን ሞራ አስገፍፈው፣ አንዱ ቀኙን አንዱ ግራውን ታሽገው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷ «ተያይዛችሁ ብትሄዱ አንድ ሙሉ ሰው ይወጣችኋል» ብላ ቀለደች፤ እውነትም ተያይዘው ወጡ። አባባ ግን አጠገባቸው የተቀመጠው በአጋጣሚ አልነበረም። «ኦሊቃ ደገፋ» ተብሎ ሲጠራ ሰምቶ የዘበኛውን ልጅ በደንብ ሊያየው ፈልጎ ነው፤ በአንድ ዓይኑ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ የእነሱ ሆነ። ጋሼ ኦሊቃ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ስለነበሩ የማያውቃቸው ከተማ የለም። ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ይቀመጣሉ፣ መልካሳ ድረስ ሄደው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ መንገዱን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት ይጣላሉ፤ አንዱ ክፈተው ይላል፣ አንዱ ዝጋው። ሞጆ ደግሞ አማኑ የሞተበትን ቤት ፍለጋ ሄዱ። ቦታው የከባድ መኪና ጋራዥ ሆኗል። ጋሼ ኦሊቃ ሠራተኞቹን በኦሮምኛ አግባብተው ወንበር አስወጡላቸውና፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በግሪስና በጎማ መሀል ብርቱካን እየላጡ ዋሉ። ሲመለሱ ምን አወራችሁ አልኩት አባባን። ምንም አላወራንም፣ ከኦሊቃ ጋር ዝም ማለት ይጥማል አለኝ። በልጅነት ጓደኛ የሚሰጥህ ሰፈርህ ነው፣ በሥራ ዘመን ደግሞ ቢሮህ፤ ይሄን ግን ራሴ ነኝ የመረጥኩት ይል ነበር።

ስለ ወሬው ጠይቋቸው አያውቅም። መጽሐፉ ውስጥ ግን ጽፎታል። «ዘበኛው» የሚለው ምዕራፍ ከሁሉም ያማረው ነበር፤ ይሄን የምለው አያቴ ስለሆነ አይደለም፣ ሌሎቹ ምዕራፎች ላይ ስንት ቀይ ቀለም እንዳፈሰስኩ እሱ ያውቃል። ማተሚያ ቤት ልንሰጠው ስንል አውጪው አለኝ።

«ለምን?»

«ኦሊቃ ያነበዋል።»

«ያንብበዋ። እውነት ከሆነ ምን ያስፈራቸዋል?»

«እሱ አይፈራም። የፈራሁት እኔ ነኝ።»

ጓደኛውን እየፈራ የሚጽፍ ሰው የሠርግ ጥሪ ካርድ ይጻፍ አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ፣ አባትህ ቆዳ ተሸክሞ ነው የሞተው፣ ለእሱ ማን ይናገርለት አልኩት።

ሳቁን ተወው። «አባቴን ድሮ ነው ያጣሁት፣ ሀኒ። ኦሊቃን ካጣሁት ሐሙስ ከማን ጋር ልሄድ ነው?»

ፋይሉን ከፈትኩ። ምዕራፉን አጠፋሁት። በቦታው አንድ መስመር ብቻ ገባ፦ በዚያው ዓመት አባቴ ከባቡር ሥራ ወጣ።

መጽሐፉ ታተመ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ብቻዋን ሳንበተን ለያዘችን ለእናቴ ለፀዳለ» ይላል። ጋሼ ኦሊቃ በማጉያ መነጽር ቀስ ብለው አነበቡት፤ ፊደሉን አሳንሰሽ ሽማግሌ ልታሳውሪ ነው ወይ ብለው ወቀሱኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሉም። ሐሙስ ሲደርስ ሁለቱም ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያም በኋላ ብዙ ሐሙስ ወጡ፣ በመስኮቱም ተጣሉ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አባባ ሞተ። ጋሼ ኦሊቃ ድንኳኑ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጡ። እትዬ ቡዜ እዚያም አላስቻላቸውም፤ የጋሼ ኦሊቃ ልጆች እየሰሙ ያቺን ፊሽካ እንደገና ነፏት። 

ከአርባው በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ጋሼ ኦሊቃ መጽሐፉን ይዘው ብቻቸውን መጡ። «አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ «እንዴት ነሽ፣ ልጄ» ማለታቸው ነው። ተቀምጠው ያቺን መስመር አሳዩኝ።

«ይቺን ያሳጠራት ማን ነው?»

«እሱ ነው። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበር። አውጪው አለኝ።»

«ስለ አባቴ።»

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገምቼ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንዴት እንዳየኝ አንቺ አላየሽ።»

ታዲያ ያን ሁሉ ሐሙስ ለምን አልተነጋገራችሁም አልኳቸው። ቁጣዬ ድምፄ ውስጥ ሳይሰማ አልቀረም።

«ምን ብዬ ልንገረው? አማኑ አዋሽ ጣቢያ ላይ ሌላ ቤት ነበራቸው። ልጅም ወልደዋል። ከባቡሩ ሥራ ካልወጡ ጠቅልለው እዚያ መግባታቸው ነበር። አባቴ ላይናገር ምሎ ስድቡን ተሸከመ፣ እኔንም አስማለኝ። ዲበኩሉ እናቱን እንዴት ይወዳቸው እንደነበር አንቺው ተይበሽዋል።» መጽሐፉን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «አሁን ልጆቼ ድንኳኑ ውስጥ ሰሙ። ቢያንስ አንድ ሰው ይወቀው ብዬ ነው። ጨርቁ የት እንደተደበቀ ጣቢያው ድረስ መጥተው ለአባቴ የነገሩት፣ ጠቁምልኝ ያሉትም እትዬ ፀዳለ ናቸው።»