አያቴ የጠበቋት አስትሮይድ

አባባ ቶዮሳኩ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ወንድ አያቴ ናቸው፤ ጠዋት የዓሣ አጥማጆችን ጢም ይላጫሉ፣ ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ከቤታችን ኋላ፣ በዩዙ ሎሚ ማሳችን ውስጥ ወደሠሯት ጎጆ ይገቡ ነበር። የጎጆዋ ጣሪያ በሐዲድ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሲሸሽ የሚያሰማው ጩኸት ወደቡ ድረስ ይሰማል። ጎረቤቶቻችን «ቶዮሳኩ ሰማይን ሊላጭ ወጣ» ይሉ ነበር።

እኔ ትምህርትን እንደ ጠበበ ጫማ ቶሎ ያወለቅኩ ልጅ ነኝ፤ ከባድ ስሌት ከእኔ አትጠብቁ። የማውቀው ማየት ነው። አባባ በቴሌስኮፕ አንዱን የሰማይ ጥግ በፊልም ያነሳሉ፣ ትንሽ ቆይተው ያንኑ ጥግ ደግመው ያነሳሉ። ሁለቱ ፊልሞች ጎን ለጎን ሆነው በሁለት ዓይን በሚያዩበት መመልከቻ ሥር ይደረጋሉ፤ ቀድሞ የተነሳው ሁልጊዜ በቀኝ። ከዋክብቱ እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ዝርግ ይላሉ። በመሃል ቦታውን የለወጠ ነገር ካለ ግን ከጨርቁ በላይ ተንሳፍፎ ይታያል። እሱ አስትሮይድ ነው፤ ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ።

መመልከቻው ላይ የሚቀመጡት ሴት አያቴ፣ እማማ ኪኑኤ ነበሩ። እኔ እግራቸው ሥር በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ የተጠበሰ ስኳር ድንች እበላለሁ። የፊልም ማጠቢያው መድኃኒትና የዩዙ ልጣጭ ተቀላቅለው የሚሸቱት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንድ መኸር እማማ ከመመልከቻው ቀና ሳይሉ «ይቺኛዋ ችኩል ናት» አሉ። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተንሳፍፋ፣ ነጥብ መሆኗ ቀርቶ እንደ አጭር ጭረት ተስባ ነበር። ትንሽ ድንጋይ ናት፤ ለምድር ቀርባ ስለምታልፍ ነው እንዲያ የምትሮጠው። ሦስት ምሽት ተከተሏት። ከዚያ አውሎ ነፋስ መጣ፣ ዝናቡ ሲያባራ የለችም።

መጥፋቷ ምን ማለት እንደሆነ የነገሩን መምህር ሺኖዛኪ ናቸው፤ ኮቤ ከተማ ተቀምጠው እንደ አባባ ላሉ ሰዎች ምህዋር የሚያሰሉ ጡረተኛ። በሦስት ምሽት የተሠራ ምህዋር አንዲት ኩርባ አይቶ መንገዱ የት እንደሚያደርስ እንደ መገመት ነው አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትመለሳለች፤ በየት በኩል እንደሆነ ግን አይታወቅም።

እማማ ታመው ከተኙ በኋላ በየቀኑ ይጠይቁ ነበር።

«ያቺ ችኩል መጣች?»

«መንገድ ላይ ናት» ይላሉ አባባ፣ ልክ ከኦሳካ በባቡር እንደምትመጣ ዘመድ።

ችኩሏ መንገድ ላይ እንዳለች እማማ አረፉ።

ትመለሳለች በተባለችበት ክረምት እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አባባ ማሳውን ሸጠውታል፤ ገዢው በጸደይ ሲረከብ ጎጆዋም ትፈርሳለች። ችኩሏ አሁን ካመለጠች በቃ አመለጠች፤ አባባ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው መመልከቻው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ከእራት በፊት ምሽት ምሽት አያለሁ፣ የሚንሳፈፍ የለም። ዓይኔ ሊወጣ ነው ስላቸው፣ ከወጣ መልሰን እናስገባዋለን፣ ዝም ብለሽ እዪ ይሉኛል።

አንድ ምሽት ፊልሙ ተበላሽቷል አልኳቸው፤ ከዋክብቱ መሃል ጉድጓድ ነገር አለ። በጥፍርሽ ጭረሽው ነው ብለው ተቆጡ። ጥፍሬን በዚያው ጠዋት ራሳቸው እንደቆረጡልኝ አስታወስኳቸው። ደግሞስ፣ የእኔ ጥፍር ከሆነ ሁለቱም ፊልም ላይ እንዴት ይገኛል?

«ጉድጓድ ስትይ እንዴት ያለ ነው?»

«ሰጥሟል ነው የምልዎት፣ አባባ። ከከዋክብቱ በታች ነው ያለው።»

አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚንሳፈፈውን ሲፈልጉ ኖረዋል፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሱኑ ነው። ድንጋዩ በተቃራኒው አቅጣጫ ከሮጠ ግን በመመልከቻው ውስጥ መስጠሙ ነው። ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ልማድ አስረስቷቸው ነው። የቀኙን ፊልም ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አደረግን። ተንሳፈፈች። የትናንቱን አውጥተን ስናይ እዚያም ሰጥማ ተኝታለች፤ ትናንት በላይዋ ነበር ያለፍኩት።

ቦታዋን ለክተን ወደ ኮቤ ደወልን። መልሱ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት ነው፤ አባባ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ፊት ላጭተው ግማሹ አረፋ እንደሆነ። መምህር ሺኖዛኪ ራሷ ናት አሉ። ከድሮዎቹ ሦስት ምሽቶች ጋር ገጥሟል፣ ምህዋሯ ተይዟል፣ ከእንግዲህ የትም አትጠፋም።

አባባ ስልኩን ዘጉና እጃቸውን ሳያብሱ ወደ ጓዳ ገቡ፤ የእማማ ፎቶ ያለበት የጸሎት ሣጥን እዚያ ነው። ደንበኛው በግማሽ ጢሙ ዞሮ፣ ይመለሳሉ ወይስ እንዲሁ ልሂድ አለኝ። ቆይ ብዬው ተከተልኳቸውና ከወረቀት ከተሠራው የጓዳው በር ኋላ ቆምኩ። ትንሿን ደወል መቱ።

«ኪኑኤ፣ መጥታለች።» ደግሞም፣ «ጭረት ነው ብዬ ልጥላት ነበር። ልጅቷ ናት ያየቻት።»

ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጨመሩም። ለስንት ዓመት፣ ከሞቱም በኋላ በዚያ ፎቶ ፊት፣ «መንገድ ላይ ናት» ሲሏቸው ኖረው፣ አሁን ለእማማ የሚነግሯቸው አለቀባቸው። ተመልሼ የደንበኛውን ሌላኛውን ጉንጭ እኔው ላጨሁት፤ ትንሽ ደማ፣ አልከፍልም ብሎ ሄደ።

ጎጆዋ በጸደይ ፈረሰች። የዩዙዎቹ ቦታ አሁን የመኪና ማቆሚያ ነው። መምህር ሺኖዛኪ በየአዲስ ዓመቱ በሚልኩልን ካርድ ላይ ችኩሏ የት እንደደረሰች ይጽፋሉ። አባባ ጮክ ብለው ያነቡታል፣ መልካም ይላሉ፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይተኛሉ። ቀና ብለው ሰማይ እንኳ አያዩም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሌላ አንድ ክረምት ጠፍታ ብትቆይልን ምን ነበረበት።