ታቦቱ አልሄድም ያለ ዕለት

የቄስ ሚስት ኑሮ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የኖረበት ብቻ ነው። አገር ሁሉ የባልሽን መስቀል ይሳለማል፤ አንቺ ማታ ማታ ጉልበታቸውን ታሺያለሽ። እኔም የባሌን የመምሬ ሽመክትን ቀኝ ጉልበት ከኅዳር ጀምሬ ሳሽ ከረምኩ። ገብስ ሲያበራዩ አንዱ በሬ ገፍትሮ አውድማው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ጥሏቸው ነበር። እብጠቱ በሙቅ ውሃና በቅቤ ጎደለ፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ደኅና ቆመው ሳለ ድንገት ይከዳቸዋል። አንድ ቀን በር ላይ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከብት ሲያስገቡ፣ ሊወድቁ ሲሉ ደርሼ ይዣቸዋለሁ።

ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለደብራችን አለቃ ለአባ መርስዔ ኃዘን እንዲነግሯቸው ብለምን፣ ብቆጣ፣ እንቢ አሉኝ። ምክንያታቸው አልጠፋኝም። ጥምቀት ደርሷል፤ በዚያ ዓመት ታቦቱን አክብሮ ወደ ውሃው የማውረዱ ተራ ደግሞ የእሳቸው ነው።

የከተራ ዕለት ጠዋት የመጨረሻዬን ሞከርኩ።

"ዛሬ እንኳ ይናገሩ። መምሬ ገብረ አማኑኤል አሉ አይደል? ጎልማሳ ናቸው፤ እሳቸው ይሸከሙ።"

"እኔ ታቦት የምሸከም ይመስልሻል? እሱ ነው እኔን የሚሸከመኝ" አሉ።

"እርስዎን ይሸከም ይሆናል። ያንን ጉልበት ግን የምሸከመው እኔ ነኝ።"

"ይህ አፍሽ!" አሉና ከዘራቸውን እንኳ ሳይዙ ወጡ። ከዘራ ቢይዙ አባ ይጠይቋቸዋላ።

የፈራሁት መውደቃቸውን ብቻ አልነበረም። ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ቢበዛ ወጌሻ ይጠራል። እኔን ያስጨነቀኝ የእሳቸው የራሳቸው ስብከት ነው። መምሬ በየዓመቱ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ያንኑ ቃል ይናገራሉ። "ቅዱስ ማለት የተለየ ማለት ነው። እግዚአብሔር ለራሱ የለየውን ነገር ሰው እንደ ቤቱ ዕቃ አይነካውም። ዖዛ ክፉ ሰው አልነበረም። ታቦቱን የሚስቡት በሬዎች ሲደናቀፉ እንዳይወድቅ ብሎ፣ ደግ አስቦ፣ እጁን ዘረጋ። እዚያው ሞተ።" ይህን ይሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ስለዚህ ራቁ!" ይላሉ። ሰዉም ይርቃል። እኔ ደግሞ ሁለት እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቅ ነበር፤ ሳላስበው ይዘረጋብኝ ይመስል።

በዚያም ዓመት ይህንኑ ተናገሩ። ከዚያ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸከሙ፣ መጎናጸፊያው እስከ ወገባቸው ወረደ፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ ቁልቁል መውረድ ጀመርን።

ቤተ ክርስቲያናችን ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ጋራ አናት ላይ ነው፤ ውሃው ከታች ነው። መንገዱ የላላ ጠጠር ነው፤ ፍየል እንኳ አስባ ነው የምትወርደው። ሴቶች ከኋላ መሄድ ሲገባን እኔ በክርኔ እየከፈትኩ ወደ ፊት ገፋሁ። ጎረቤቴ ጌታነሽ ነጠላዬን ጎተተችኝ።

"ወዴት ነው የምትጋፊው? ልትቀድሺ ነው?"

አልመለስኩላትም። ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር፤ የመምሬ ቀኝ እግር። እሱ ሲረግጥ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ሲያነሱት እለቃለሁ። ጥላ ከያዘው ዲያቆን ቀጥዬ፣ ከጀርባቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ደረስኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ ሁሉም ይዘምራል።

ቁልቁለቱ መሐል ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሸሸ። ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ወደ ኋላ ተንጋለሉ።

አላሰብኩም። ባስብ ኖሮ ያ ሁሉ ስብከት ይይዘኝ ነበር። ግራ እጄ ጀርባቸውን ደገፈ፤ ቀኝ እጄ መጎናጸፊያው ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ ወጣና አንድ ጠንካራ ነገር ጨብጦ ቀጥ አደረገው። መምሬ አልወደቁም። ታቦቱም አልወደቀም።

ግን መቆማቸው ብቻ ነው፤ መሄድ አልቻሉም። ቀኝ እግራቸው ከሥሬ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። አንድ እርምጃ ቢሞክሩ አብረን እንንከባለላለን። ጀርባቸው እጄ ላይ ሙሉ ክብደቱን ጥሏል።

ያን ጊዜ ከፊት አንድ ሰው ጮኸ። "ታቦቱ አልሄድም አለ!"

እንግዲህ እኛ አገር ታቦት ቆመ ከተባለ አለቀ። ሰዉ መሬት ላይ ተደፋ። "በደላችን ነው!" "አቤቱ ማረን!" ሆነ። ሽማግሌዎች ወዲያው የተጣላ ሰው ፍለጋ ገቡ፤ ታቦት የሚቆመው በሰው ቂም ነውና። አባይነህና ምንይሉ የሚባሉ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ከመሬት ሽግሽጉ ወዲህ በአንዲት ወሰን ተካሰው ቡና እንኳ አብረው አይጠጡም። ሁለቱን እየጎተቱ አመጧቸውና ድንጋይ አሸክመው ይቅር አባባሏቸው። ሲተቃቀፉና ሲያለቅሱ በመምሬ ትከሻ በኩል አየኋቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ። ያን ቀን ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ጉልበት ነው የቆመው ልበል?

እነሱ ታረቁ፤ ታቦቱ ግን አልሄደም። ሰዉ ይባስ ፈራ። ያን ጊዜ የቀበሌው ታጣቂ ማሙሽ ክላሹን አንግቦ ብቅ አለ።

"ሴቶች ወደ ኋላ! ንጽሕና የሌላት ሴት ቀርባ ይሆናል። ሁላችሁም ራቁ!"

ሴቶቹ እየተሯሯጡ ሸሹ። ጌታነሽም ሸሸች። እኔ ቀረሁ። ሜዳ ላይ እንደተረሳ እንስራ ብቻዬን ቀረሁ፤ የሰዉ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። ማሙሽ ሊጎትተኝ ሲመጣ አባ መርስዔ ኃዘን በእጃቸው ከለከሉትና ራሳቸው ቀርበው በስሜ ጠሩኝ።

"ለተሥላሴ! እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ብለቃቸው ይወድቃሉ፣ አባ።"

አባ የመምሬን እግር አዩ፤ ገባቸው። ፊታቸው አመድ ሆነ። ከዚያ ዓይናቸው በክንዴ ላይ እየወጣ ሄዶ መጎናጸፊያው ውስጥ ጠፋ።

"እጅሽ የት ነው?" አሉ።

እጄ የት እንደሆነ እኔስ መቼ አወቅኩ? መዳፌ ሥር ያለው አጥንት ይሁን እንጨት፣ ክርን ይሁን ማዕዘን፣ እግዚአብሔር ያውቃል። አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ጠንካራ ነው።

"ክንዴን ነው የያዘችኝ" አሉ መምሬ ከመጎናጸፊያው ውስጥ። ድምፃቸው ለሁሉም ተሰማ።

መምሬ ሽመክት ደግሞ የማይዋሹ ሰው ናቸው። ለጨዋታ እንኳ አይዋሹም፤ በዚህ የተነሣ ከእሳቸው ጋር ገበያ መውጣት መከራ ነው። የሚሸጡትን በግ ነውር ገዢው ሳይጠይቅ ይናገራሉ። አባ አመኗቸው። ሁሉም አመነ። መምሬ ገብረ አማኑኤል ተጠርተው መጡ፣ በመጎናጸፊያው ተሸፍነው ታቦቱን ከራስ ወደ ራስ ተቀበሉ። እኔ እጄን መንጭቄ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ታቦቱ ሄደ። "ታረቀን! ታረቀን!" እያለ ሰዉ ዘለለ። አባይነህና ምንይሉ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከፊት ይጨፍራሉ። እኛን የሚያይ አልነበረም።

ሁለታችን ጋራው ላይ ቀረን። መምሬን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከቀሰሱ ጀምሮ የከተራ ዕለት ከታቦት ተለይተው ሲቀሩ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ግን ደስታ ሊገድለኝ ነው።

"ክንድዎ ነው! ተመስገን! እኔ ደግሞ ሞቼ ነበር እኮ። ያምዎታል? አምጡ ልየው፤ ክፉኛ ነው የጨበጥኩዎት።"

እጀ ጠባባቸውን ወደ ላይ ሰበሰብኩት። የሽማግሌ ቆዳ ታውቃላችሁ፤ በጣት ቢነኩት ይበልዛል። የእኔ እጅ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ወፍጮ የገፋ እጅ ነው። ቀኝ ክንዳቸውን አየሁ። ምንም የለም። ግራውን ሰበሰብኩ። ምንም የለም። ሁለቱም ክንዳቸው ንጹሕ ነው።

መምሬ እጃቸውን አልሰበሰቡም።

"ዋሽተዋል" አልኳቸው።

"ዋሽቻለሁ።"

"ታቦት ተሸክመው?"

"ታቦት ተሸክሜ።"

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ቀኝ እጄን ከነጠላው አወጣሁና አየሁት። የት ላስቀምጠው? ከአካሌ ጋር መሆኑን እንኳ ፈራሁት። ልቤን አዳመጥኩ፤ ይመታል። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያልኩ ጠበቅኩ። ቀጥሎ ደግሞ የእሳቸውን ትንፋሽ አዳመጥኩ። እኔ ነካሁ፣ እሳቸው ዋሹ፤ ማን ይቀድም ይሆን? እኔ ልቅደም ብዬ ለመንኩ። ያንን አልክድም፤ የለመንኩት ለደግነት ሳይሆን ብቻዬን መቅረትን ስለ ፈራሁ ነው።

"ለተ" አሉኝ ቆይተው። "ዖዛ ከሞተ በኋላ ታቦቱ የት እንደ ሄደ ታውቂያለሽ?"

"እኔ የት አውቄ?"

"ዳዊት ፈራና ወደ ቤቱ አላስገባም አለ። አቢዳራ በሚባል ሰው ቤት አስቀመጡት። እዚያ ወራት ተቀመጠ። እግዚአብሔርም አቢዳራን ከነቤተሰቡ ባረከ።"

"ያው ታቦት?"

"ያው ታቦት።"

ንዴቴ ፍርሃቴን ቀደመው። "እንግዲያ ይህንን ለምን አይነግሩንም ነበር? በየዓመቱ የሚገድለውን ብቻ! ያንኛው ደግሞ ለካህናት የተቀመጠ ነው?"

"ሰዉ እንዲርቅ ነዋ" አሉ። አንገታቸውን ደፉ። "አንዱን ለምን ገደለ፣ ሌላውን ለምን ባረከ ብትዪኝ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ቀድሼ ዛሬም መልሱን አላውቀውም።"

ከታች ከውሃው ዳር መዝሙሩ ይሰማል። ድንኳኑ ተተክሏል። ሌሊት በዚያ ታቦት ይቀደስበታል። ምእመን የነካው ታቦት ደግሞ ጳጳስ መጥቶ እንደገና ካልባረከው አይቀደስበትም፤ ይህን የቄስ ሚስት ሆኜ አጣሁት?

"ከቅዳሴው በፊት ለአባ እነግራቸዋለሁ" አሉ መምሬ። "የሰው እጅ ነካው እላለሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም። እኔን ከመቅደስ ያውጡኝ። አንቺ ቤት ግቢና በርሽን ዝጊ።"

"ይህ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ቆይቶ? የመልአክ እጅ ነው ሊሉ ነው?"

እውነቱን ለመናገር በሬን መዝጋት አማረኝ። ዝም ብል መምሬ አጠፉ ተብለው ይቀራሉ፤ እኔን ማንም በፊቴ ደፍሮ አይጠይቀኝም። ግን ያች ደም ይፈሳት የነበረች ሴት ትዝ አለችኝ። እሷም ተደብቃ የጌታን ልብስ ነክታ፣ ድና፣ ልትሄድ ትችል ነበር። "ማን ነካኝ?" ሲባል እየተንቀጠቀጠች መጥታ ሁሉንም ተናገረች። እኔ ይህን በወንጌል ስሰማ ሁልጊዜ እንደ ሞኝ እቆጥራት ነበር።

ተነሣሁ።

"ወዴት ነው?" አሉ።

"እርስዎ ዛሬ አንዴ ዋሽተዋል፤ ሁለተኛውን ያበላሹታል። እጁ የእኔ ነው፤ እኔው እናገራለሁ።"

ቁልቁለቱን ወረድኩ። እሳቸው ከኋላዬ እያነከሱ "ለተ! ለተ!" ይላሉ፤ ዞሬ ብመለከት ወኔዬ እንደሚከዳኝ ስለማውቅ አልዞርኩም። ድንኳኑ ጋ ስደርስ አባ መርስዔ ኃዘን በር ላይ ቆመዋል፤ ሰዉ ዙሪያውን ሞልቷል። ድምፄ እኔ እንኳ እስክደነግጥ ድረስ ወጣ።

"አባ፣ ክንዳቸውን አይደለም የያዝኩት። ታቦቱን ነው።"

መዝሙሩ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቋረጠ ሄደ። አባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ማሙሽ ወደ ኋላ አለ። አባይነህና ምንይሉ እንደተያያዙ ወደ ኋላ አሉ። ጌታነሽ ልጇን ስባ ሸሸች። ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ እየሰፋ፣ እየራቀ፣ ባዶ መሬት መሐል ትቶኝ ቆመ። ለታቦት እንደሚለቀቀው ነው የለቀቁልኝ፣ ወይስ ለለምጻም እንደሚለቀቀው? ፊታቸውን አየሁ፤ እነሱም አያውቁትም።

መምሬ ሽመክት እያነከሱ ሰዉን ሰንጥቀው ገቡና ያንን ባዶ መሬት አቋርጠው መጡ። ግራ እጄን ዘረጋሁላቸው። እሱን ትተው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቀኝ እጄን ይዘው ተደገፉኝ።