ስሙ የማይጠራው ቅጠል

እና ያንን ክብ፣ ያንን ንጹሕ ክብ በዓይኑ አይቶታል፣ ማንም አይክደውም፣ ያሳየችው ራሷ ሔዋን ናት፣ የእህቱ ልጅ፣ ጄኔቫ ላብራቶሪ ውስጥ ዕፅዋት እየጨመቀች የሆስፒታል ባክቴሪያ ላይ የምትሞክረው ሔዋን፣ ባክቴሪያው ሳህኑ ላይ እንደ ሻጋታ ተነጥፎ፣ የእሱ የኃይለመለኮት ቅጠል ጭማቂ ጠብ ያለበት ቦታ ብቻ ክብ ሆኖ ጥርት ብሎ። ገደለው አይደል? አላት። ገደለው ጋሼ፣ ግን በረኪናም እኮ ሳህን ላይ ይገድላል፣ እትዬ የወይንሐረግ ቁስል ላይ በረኪና እናፍስስ?

ከጄኔቫ የሚመልሰው ባቡር ሎዛንን አልፏል። ዙሪክ ለመድረስ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ የደረት ኪሱን ይዳብሳል፣ ቲኬቱ አለ፣ እንደገና ይዳብሳል።

ዝም ማለት ነበረበት፣ ሳህኑን አይቶ ደስ ስላለው ነው ያመለጠው፣ እኔማ ከትናንት ወዲያ አድርጌላታለሁ አለ። ምን አደረጉላት? ነርሷ ስትወጣ የፋሻውን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ፣ ትንሽ፣ ቆንጥሬ፣ ነሰነስኩላት። ጋሼ! ከየት የተቀጠፈ? ከአፎልተርን፣ ከሐዲዱ ዳር፣ በማለዳ፣ ማንንም ሳላናግር። ውሻ የሚሸናበት ቦታ? አጥቤዋለሁ አላት፣ ሦስት ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዙሪክ ኦርሊኮን ቢሮ ያጸዳ ሰው ማጠብ ይጠፋዋል?

በማለዳ መቅጠፍ። ማንንም አለማናገር። ስሙን አለመጥራት። ያስማሉት አባቱ ናቸው፣ የሰፈሩን ቁስል ሁሉ ያደርቁ የነበሩት አባቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ስሙን በአፍህ የጠራህ ቀን ይረክሳል፣ ከዚያ በኋላ አይሠራም። ስድሳ ዓመት አልጠራውም፣ ለሚስቱም፣ ለሔዋን እንኳ አድርቆ ፈጭቶ ነው የላከላት፣ ስሙን አትጠይቂኝ ብሎ።

ሚስቱ የወይንሐረግ ዳሌዋን ቀይረውላት ከዙሪክ ሆስፒታል ልትወጣ ሦስት ቀን ሲቀራት ነው ያ የሆስፒታል ባክቴሪያ ቁስሏ ውስጥ የገባው፣ ሁለት መድኃኒት ናቀ፣ ሦስተኛውን ጀመሩ፣ ትናንት ደግሞ ትኩሳቱ ብሶ ሐኪሙ ቁስሉን አየና፣ ሰው ነክቶታል? አለ። የለም አለ። ኃይለመለኮት ነው የለም ያለው። በጥሩ ጀርመንኛ።

ከአፈር የሚመጣ ሌላ ባክቴሪያ አለ ጋሼ፣ ሐኪሞቹ የሚያባርሩት የሚያውቁትን አንዱን ብቻ ነው፣ ዛሬውኑ ካልነገሯቸው እኔ እደውላለሁ፣ አለችው ሔዋን፣ የእናቷን ቁጣ ነው የምትቆጣው። ከበር ቢመልሱትስ፣ ፖሊስ ቢጠሩበት፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ቢነጥቁት፣ ምን ፈቃድ፣ ዜጋ ከሆነ አሥር ዓመቱ።

በርን። ኦልተን። ዙሪክ። ትራም፣ ሊፍት፣ የእጅ ማጽጃው፣ ሁለት ጊዜ ይጫነዋል፣ እጁን እስኪያቃጥለው ያሻል፣ አሁን ነው የሚያሸው።

ቁስሉ ላይ ቅጠል ጨምሬያለሁ፣ ይላል፣ እኔ ነኝ፣ ትናንት ዋሽቻለሁ። ነርሷ አትጮኽም፣ ወንበር ትስብለታለች፣ ሐኪሙን ትጠራለች፣ እሱ ግን አይቀመጥም፣ በወረቀት የጠቀለለውን ከኪሱ አውጥቶ የወይንሐረግ አልጋ ጫፍ ላይ ይፈታዋል። ሐኪሙ ደርሶ አጎንብሶ ያየዋል፣ ስሙስ? ስሙን ካወቅን ውስጡ ምን እንዳለ እናውቃለን። የጀርመን ስሙን አያውቅም፣ የሚያውቀው አንዱን ነው፣ አባቱ ያስማሉበትን፣ የወይንሐረግ በትኩሳት የቀላ ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ይርከስ፣ አባቴ ይቅር ይበሉኝ፣ ይርከስ እሷ ትትረፍ።

አቱች።

ይድገሙልኝ፣ ይላል ሐኪሙ እየጻፈ። አቱች፣ አሁን ጮክ ብሎ፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ።

አንተ፣ ትላለች የወይንሐረግ፣ ድምፅዋ ደክሟል፣ አርባ አንድ ዓመት ከኔ የደበቅኸውን፣ ለፈረንጅ በአንድ ጥያቄ?

ሐኪሙ ፋሻውን ሊፈታ ጓንት ያጠልቃል፣ ኃይለመለኮት ኪሱን ይዳብሳል፣ ቲኬቱ አለ፣ ምን ያደርግለታል፣ እጁን አውጥቶ እጇን ይይዛል፣ እሳት ነው፣ ጎንበስ ብሎ አቱች ይላታል፣ በጆሮዋ፣ ለሷ።