ቀሚሱ ዛሬ አይለካም

ሕሊና ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የተሐድሶ ማዕከል በአማካሪነት ስትሠራ ኖራለች። እግራቸውን ያጡ፣ እጃቸው የተቃጠለ፣ ከአደጋ በኋላ ከቤት መውጣት የሚያስፈራቸው ሰዎች ነበሩ የእሷ ሰዎች። ማዕከሉን ይረዳ የነበረው ድርጅት ሥራውን ሲያቆም ሠራተኛው ተበተነ። እሷም ቡሬ ሄዳ ከእትዬ እልፍነሽ ግቢ አንዲት የጓሮ ክፍል ተከራየችና «የግል ሕይወት ምክርና ሥልጠና» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። የከተማው ወጣቶች «ላይፍ ኮች መጣችልን» እያሉ ቢስቁም መምጣታቸው አልቀረም፤ አንዱ ሥራ መቀየር ፈልጎ፣ ሌላዋ ያቋረጠችውን ትምህርት ልትቀጥል።

ሥራውን ወደደችው። ያልለመደችው ብቸኝነቱን ነው። በማዕከሉ ዘበኛ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይም ሰው አይጠፋም። እዚህ ግን በሩ ሲዘጋ እሷና የመጣው ሰው ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስልኳ ሰዓት ከማሳየት አያልፍም።

ከማዕከሉ ጀምሮ ያልተለየቻት አንዲት ደንበኛ ነበረቻት። ሰብሊ ትባላለች፤ የጅጋ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። ባሏ ገፍትሮ ምድጃ ላይ ጥሏት ግራ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። ማዕከሉ ውስጥ ጣቶቿን ማንቀሳቀስ እንደገና ተማረች። ከባሏ ሸሽታ ቡሬ ስትገባ ደግሞ ከሕሊና ጋር እየተማከረች ልብስ ስፌት ጀመረች። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ወደዚያች ክፍል እንደምትመጣ ከሕሊና ሌላ የሚያውቁት እትዬ እልፍነሽ ብቻ ነበሩ።

እጅጉ ነኝ ያለው ሰው ንዴቱን መቆጣጠር ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ነበር። ረጋ ያለ፣ ንጹሕ ጋቢ የሚለብስ፣ ከአፉ «እርስዎ» የማይጠፋ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ በቀጠሮው መጥቶ አመስግኖ ሄደ። በሦስተኛው ግን ያለ ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ሰው እንደምትጠብቅ ነገረችው። ልቡ እንደከበደውና ብዙ እንደማይቆይ ነግሯት ገባ። ጥላው ስለሄደች ሚስቱ እያወራ፣ ቢያገኛት ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቃት ሲያሰላስል ቆየና ድምፁን ሳይለውጥ፣

«ግራ እጇ አሁን ይታዘዛታል?» አላት።

ሕሊና ስለ ማን እንደሚያወራ እንዳልገባት ልትነግረው አፏን ስትከፍት ተነሣና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ወንበሩንም ስቦ በሩ ሥር ተቀመጠ።

«እጅጉ አይደለሁም፤ የሰብሊ ባል ቢያዝን ነኝ። በማዕከሉ እርስዎ እንደረዷት ሰምቻለሁ። አይፍሩ፤ እርስዎን የምነካበት ምክንያት የለኝም። ያለችበትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር አልወጣም። ሕሊናን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት ግን የሰብሊ መምጫ መድረሱ ነበር። ግቢው ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ዐይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። ጊዜ ለመግዛት በሥራዋ እንደለመደችው ቀስ ብላ ትጠይቀው ጀመር። ሲያገኛት ምን እንደሚያደርግ ጠየቀችው። ወደ ቤቷ እንደሚመልሳት ነገራት።

«እምቢ ብትልስ?»

ቢያዝን ወንበሩን ይበልጥ ወደ በሩ አስጠጋ።

በዚህ መሐል እትዬ እልፍነሽ ከውጭ ሆነው ውኃ መምጣቱን፣ ጀሪካኗን እንድታወጣ ተጣሩ። ቢያዝን እንድትመልስ በዐይኑ ጠቀሳት።

«እርስዎ ይቅዱልኝ እትዬ፣ ሰው ይዣለሁ። ልብስ ሰፊዋ ብትመጣም ቀሚሱ ዛሬ አይለካም፤ ትመለስ ይበሉልኝ።»

ለማንም የሰጠችው ቀሚስ አልነበረም፤ ይህንንም እትዬ እልፍነሽ ያውቃሉ። እትዬ እልፍነሽ «እሺ» አሉና የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ራቀ። ይግባቸው አይግባቸው ሕሊና አላወቀችም። ቢያዝን የምን ቀሚስ እንደሆነ ጠየቃት፤ ለበዓል እንደምታሰፋ ነገረችው። ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ ከፊቱ ላይ ለማንበብ ሞከረች፤ ፊቱ ምንም አይናገርም።

የግቢው በር ሲጢጥ አለ። አንዲት ሴት በዝግታ ስትናገር ተሰማ። በሩ እንደገና ሲጢጥ ብሎ ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ የጀሪካን ድምፅና የሰው ጫጫታ እየበዛ መጣ። እትዬ እልፍነሽ የሰፈሩን ሰው ከግቢያቸው ቧንቧ እንዲቀዳ ጠርተውት ነበር። ወንዶች ከበሩ አጠገብ ይሳሳቃሉ። አንዱ በተዘጋው በር ላይ ተደግፎ ስለ ማዳበሪያ መወደድ ያወራል። ቢያዝን ድንገት ተነሣ። ጋቢው ሲገለጥ ሕሊና የማጭድ እጀታ አየች። እሱ ግን ጋቢውን መልሶ ደረበና በሩን ከፈተ። ውጭ ላሉት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፤ እነሱም መለሱለት። በመሐላቸው አልፎ ወጣ።

እትዬ እልፍነሽ ነገሩ ከመጀመሪያው ገብቷቸው ኖሯል። ሰብሊን ከግቢው በር መልሰው ጎረቤት ደበቋት፤ በዚያው ቀን ተሳፍራ መራዊ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ሕሊና ለፖሊስ አመለከተች፤ ቢያዝን ግን ከከተማው ወጥቶ ነበር። ኔትወርክ እስኪመለስ ሰብሊ መንገድ ላይ ምን እንደገጠማት ማወቂያ ስላልነበረ ሕሊና እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት። በኋላ ቢያዝን የላካቸው ሽማግሌዎች መጥተው ከሰብሊ ጋር እንድታስታርቀው ለመኗት። ማስታረቅ ሥራዋ እንዳልሆነ ነግራ ሸኘቻቸው።

ስልክ በተለቀቀ ዕለት ሰብሊ ደወለች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እጇም ደኅና ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው ወደምትሰፋበት ሱቅ ሲዞር ግን መርፌውን እንደምታስቀምጥ ነገረቻት።

«እርስዎስ አሁንም ይፈራሉ?»

«እፈራለሁ» አለቻት ሕሊና።

አሁን የምትሠራው መንገድ ዳር፣ ከወፍጮ ቤት ጎን ባለች ክፍል ነው። ሰሞኑን አንዲት መምህርት መጥታ ማስተማሯን ትታ ይህንኑ ሥራ መጀመር እንደምትፈልግ፣ ከምን መነሣት እንዳለባት ጠየቀቻት። ሕሊና አስቀድማ የነገረቻት ሰው የማይርቀው ክፍል እንድትፈልግ ነው። ምክንያቱን ልታስረዳት ስትጀምር አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ። ወፍጮ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቆ እስኪያልፍ ድረስ ንግግሯን መቀጠል አልቻለችም።