ሆድ የቱ ዓምድ ውስጥ ይገባል?

«‹ሆዴን ባር ባር አለኝ›» ስትል አሠልጣኟ ጮክ ብላ አነበበችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። «ይሄ የማን ቅጽ ነው?»

ቅጹ በፕሮጀክተር ጎልቶ ግድግዳውን ሞልቶታል። ስም አልተጻፈበትም። ይሁንና ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሠልጣኞች ሁሉ ዞረው ያዩት አንዱን ሰው ነው፤ ጆሮዎቹ ቀድመው ቀልተው መስክረውበታል።

«የኔ ነው» አለ።

«ደህና። ታዲያ ‹ሐሳብ› የሚለው ዓምድ ውስጥ ምን ይሠራል? ሆድ አካል ነው።» በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችውና ቀስት ጎትታ ወደ ሦስተኛው ዓምድ ወሰደችው።

ቅጹ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ ሐሳብ፣ ስሜት፣ አካል። የአዳም ዘር በሙሉ ከነጭንቀቱ በእነዚህ ሦስት ሣጥኖች ተከፋፍሎ መግባት አለበት፤ ተርፎ የሚንጠለጠል ነገር ከተገኘ ጥፋቱ የሣጥኑ ሳይሆን የሰውየው ነው። የሚማሩት ሕክምና ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰውን የሚያቃጥለው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ደረሰበት ነገር የሚያስበውም ነው። ስለዚህ ሐሳቡን እንደ ሌባ አንገቱን ያዘው፣ ማስረጃ ጠይቀው፣ በተግባር ፈትነው። ይህን አያያዝ ለመልመድ የድኅረ ምረቃ ሥልጠናው ከዓመት በላይ ይፈጃል።

«መምህር፣ አካል ከሆነማ ያመው ነበር» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ማኅበራዊ ሠራተኛ። «ባር ባር ማለት አያምም እኮ። ስሜት ነው።»

«ስሜት ከሆነ በአንድ ቃል ይነገር። ሐዘን ነው? ፍርሃት ነው? ከመቶስ ስንት?»

«እንደ አመሻሹ ነው» አለ ሠልጣኙ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አሠልጣኟ አልሳቀችም። ከቀስቱ ጫፍ ላይ «ጨጓራ? ሐኪም ይየው» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ቅጽ አለፈች።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ግን ጠረጴዛዋ አጠገብ አስቀረችው። ከፊቷ ሌላ ወረቀቱ ተዘርግቷል፤ «የራስ ልምምድ» የሚባለው ሪፖርት። ሕግ ነው፤ ማንም ሠልጣኝ በራሱ ላይ ያልሞከረውን ለታካሚ አያዝም። የሚፈራውን አንድ ነገር ይመርጣል፣ ምን እንደሚደርስበት በመቶኛ ይተነብያል፣ ሄዶ ይሞክረዋል፣ የሆነውን ይጽፋል።

«አሳንሰር እፈራለሁ ብለሃል።»

«አዎ።»

«‹ይቆለፍብኛል፤ ሰማንያ ከመቶ›።»

«አዎ።»

«ዛሬ ጠዋት አብረን አይደል እንዴ የወጣነው? ቁጥሩን የተጫንከው እንኳ አንተ ነህ። እያፏጨህ።»

ሠልጣኙ ሪፖርቱን መልሶ ሊወስድ እጁን ዘረጋ።

«የምትፈራው ሌላ ነገር ነው» አለች፤ ድምጿ ለሰስ ብሎ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፋቷ እስክሪብቶዋ ላይ ብቻ ነው። «ባር ባር የሚልህ ማን ሲናፍቅህ ነው?»

«እህቴ።» ከአፉ አመለጠው።

«ታዲያ እሷን ጻፍ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አምጣ፤ የተፈታኞች ዝርዝር ያኔ ይዘጋል። ካልሆነ በስድስት ወሩ ከሚቀጥሉት ጋር ትቀመጣለህ። እና ስማ፣ ከዚህ አሳንሰርህ በኋላ በቃልህ ብቻ አላምንህም። ማስረጃ አያይዝ።»

ስድስት ወር ቀላል አልነበረም። ነርስ ሆኖ የሚሠራበት ሆስፒታል የምክር ክፍሉን ቁልፍ የሚሰጠው ፈተናውን ላለፈ ሰው ነው፤ ሌሎች ሁለት ነርሶችም ዓይናቸውን ጥለውበታል። ሠልጣኙን ያስደነገጠው ግን ስድስት ወሩ ሳይሆን የመጨረሻዋ ቃል ነበረች። ማስረጃ! ጉዱን ሁሉ የሠራችው ይህችው ቃል ናት።

እናታቸው በድንገት ካረፈች በሦስተኛው ቀን፣ ሳሎኑ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ታላቅ እህቱ ጉልበቷን እየደበደበች «እኔ ነኝ የገደልኳት! ‹ደከመኝ› ስትለኝ ‹ሥራ ልጨርስና› አልኳት፤ እኔ ነኝ!» እያለች ታለቅስ ነበር። እሱ ሥልጠናውን ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሁለት ወር የተማረ ሰው ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ትናንት እንደወጣለት ሹፌር ነው፤ መንገድ ይሁን የሰው ግቢ አይለይም። አጠገቧ ተንበረከከ፣ እጇን ያዘ፣ ክፍል ውስጥ በተለማመደው ለስላሳ ድምፅም «እትዬ፣ ለዚህ ሐሳብ ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አላት።

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት አክስት «ምነው፣ ፖሊስ ሆነ እንዴ?» ስትል እስከ በሩ ተሰማ። እህቱ እጇን ከእጁ ውስጥ አወጣች፤ ቀስ ብላ። ማስረጃ የሚጠየቀው የተከሰሰ ሰው ነው፤ እሷም የሰማችው ወንድሟ በሰው ፊት ሲከሳት ነው። ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት «ውጣልኝ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ በዘመድ መካከልም ስሙ «መርማሪው» ሆኖ ቀረ። ይኸው አሥራ አንድ ወር።

ሆድና ጀርባስ? ይሄ የቱ ዓምድ ውስጥ ይገባል?

የሚናፍቀው ትልቅ ነገር አልነበረም። እሑድ ጠዋት ደውላ፣ ያለ ሰላምታ፣ «በላህ?» ማለቷ። የሠላሳ አራት ዓመት፣ ፀጉሩ የሸሸ ሰውዬ ሆኖ ሳለ «ጩጬ» ብላ መጥራቷ። ስልኩ ውስጥ ዘጠኝ ሰከንድ የምትሞላ የድምፅ መልእክት ቀርታለታለች፤ «ጩጬ፣ ካውያዬን ሳትነቅል ወጥተሃል፣ ቤቴን ልታቃጥለው ነው፣ አንተ ደንቆሮ» ትላለች። ሌላው ሰው አውቶቡስ ውስጥ ዘፈን ሲሰማ እሱ እሷን ይሰማል፤ «ደንቆሮ» የምትለው ላይ ሲደርስ ሆዱ ይባባል። አንዳንድ ቀን አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይወርድና ከላውንደሪ ቤቷ ማዶ ይቆማል። መስኮቱን እንፋሎት ስለሚሸፍነው የሚታየው ጥላዋ ብቻ ነው፤ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ።

አዲሱን ቅጽ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞላው። ትንበያ፦ «እህቴ ታባርረኛለች»። እምነት፦ ዘጠና ከመቶ። ሙከራ፦ «ገብቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ»። ውጤት የሚለውን ባዶ ተወው። በቀይ ከተሰረዘው ቅጽ ጋር ደርቦ አጠፈና የኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

የላውንደሪው በር ሲከፈት ትኩስ ጥጥና ሳሙና ሸተተው። ሁለቱ ማሽኖች ያጓራሉ፤ ከጣሪያው ሥር ቁጥር የተወጋባቸው ልብሶች ባለቤታቸውን እየጠበቁ ተሰልፈዋል። እህቱ ከባንኮኒው ኋላ ከአንሶላ ክምር ጋር ትታገላለች። አንሶላ በሁለት ሰው ነው የሚታጠፈው፤ ድሮ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ጫፍ የምትይዝላት እናታቸው ነበረች። አሁን አንዱን ጫፍ ባልተሰካ ካውያ አስጭና፣ ሌላውን ስባ፣ ጎንበስ ቀና እያለች ብቻዋን ታጥፋለች። ጥላዋ ምን ስትሠራ እንደነበር ሠልጣኙ ገና አሁን ገባው።

ቀና ስትል አየችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው።

«ለማጠብ ነው ለመተኮስ?» አለችው።

«ለማ... ለማጠብ» አለና የለበሰውን ኮት አወለቀ።

ኮቱን አወቀችው። እንዴት አታውቀውም፤ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲይዝ የገዛችለት እሷ፣ እጅጌው ሲረዝምበት ያሳጠረችለት እሷ። የደረሰኝ ጥራዟን ሳበች።

«ስም?»

«እትዬ...»

«‹እትዬ› ብዬ ልጻፍ?»

«ስሜን ታውቂው የለ?»

«ደንበኛ ብዙ ነው፤ ሁሉን አላስታውስም።» «መርማሪ» ብላ ጻፈችና ቀድዳ ሰጠችው። «ቁጥር ሁለት መቶ ስድስት። ሐሙስ ይደርሳል። እንዳትጥላት፤ እዚህ ቤት ያለ ማስረጃ ምንም አይሰጥም።»

«ማስረጃ»ን ረገጥ አድርጋ ነበር ያለቻት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስትስላት የከረመች ትመስላለች።

ቀጥሎ የመጣውን ግን ሁለቱም አላሰቡትም። ልብስ አጣቢ ልብስ ሲረከብ ኪስ ይፈትሻል፤ ወዳጅ ያምጣው ጠላት። እጇ በልማድ ወደ ውስጠኛው ኪስ ገባና ወረቀቶቹን ይዞ ወጣ።

«እሱን ተዪው» አለ።

ይባስ ብላ ዘረጋችው።

«‹እህቴ ታባርረኛለች›። ‹ዘጠና ከመቶ›።» አንገቷን ሳታነሳ ጠየቀች። «የትምህርት ቤት ሥራ ነው?»

«አይደለም። ማለቴ ነው፣ ግን...»

«ለማርክ ነው የመጣኸው?»

«ወረቀቱ ሰበብ ሆነኝ እንጂ...» ከመንገዱ ማዶ ስንት ቀን እንደቆመ ሊናገር ፈልጎ «በመስኮት አይሻለሁ» አለ ብቻ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ያንተ አቋቋም ይጠፋኛል? አንዱ ትከሻህ ወርዶ። እንፋሎቱን በእጄ ጠረግ አድርጌ አይሃለሁ፤ አውቶቡስህ እስኪመጣ።» ፊቷን ወደ ሁለተኛው ወረቀት መለሰች። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ‹ሆዴን ባር ባር አለኝ›... ማን ነው በቀይ የሰረዘብህ?»

«አሠልጣኛችን። የቱ ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ አልተስማማንም።»

«‹ጨጓራ? ሐኪም ይየው›?» እድፍ እንደምትመረምር ሁሉ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «ይቺ ሴትዮ ሆዷ ባብቶ አያውቅም?»

«የተማረች ናት፣ እትዬ።»

«ትታየኛለች። ናፈቀኝ ላላት ሰው ክኒን ልታዝ!» እስክሪብቶዋን አነሳችና ከሦስቱ ዓምዶች ጎን አንድ መስመር ቁልቁል ጎተተች፤ ከላዩ «ሆድ» ብላ ጻፈች። «በቃ። ይኸው ቦታ። ይሄን ያህል ከባድ ነው?»

ሠልጣኙ አዲሱን ዓምድ በጣቱ ተከተለው።

«እትዬ፣ ያን ቀን...»

«ተወው።»

«ልተወው አልችልም። ላጽናናሽ ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ኋላ ገባኝ። ያባረርኩህ ግን ማስረጃው ስለነበረኝ ነው። ‹ደከመኝ› ብላኝ ነበር እኮ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ሠልጣኙ አሁን ከሁለት ወሩ ተማሪ የተሻለ ነው፤ ለዚህ ሐሳብ የሚሆን ቢያንስ ሃያ ጥያቄ ያውቃል፤ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም በተግባር የተፈተነ። አንዱንም አልጠየቀም።

«ለእኔም ደውላልኝ ነበር» አለ።

እህቱ ቀና አለች።

«ያን ቀን ከሰዓት። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ‹እማዬ› የሚለውን አየሁና ድምፁን አጠፋሁት። ስወጣ እደውላለሁ ብዬ። አጠገብሽ የተንበረከክሁት ይሄን ልነግርሽ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።»

ከማሽኖቹ አንዱ ሥራውን ጨርሶ ጸጥ አለ። እህቱ መዳፏን ባንኮኒው ላይ፣ በእጁ አጠገብ፣ ሳትነካው አሳረፈች።

«እና አሥራ አንድ ወር ይሄን ብቻህን ተሸክመህ ዞርክ?»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ።»

«አንተን ብሎ ሐኪም!» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ይሄ ወረቀት መቼ ነው የሚገባው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ካልገባስ?»

«ስድስት ወር እጠብቃለሁ። የምክር ክፍሉም ለሌላ ሰው ይሰጥ ይሆናል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ተገትረህ ታወራለህ? ሩጥ! ‹አላባረረችኝም› ብለህ ሙላና ሂድ። ማስረጃ ካለችህ ደረሰኙን ለጥፍላት፤ ቀንና ቁጥር አለው።» ወረቀቶቹን ወደ እሱ ገፋችና ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። አንዱን ጫፍ ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ካውያውን ጫነችበት።

ሠልጣኙ ደረሰኙን አየ። ሁለት መቶ ስድስት። መርማሪ። ሐሙስ። ትንሽዬ መርፌ ቁልፍ ከባንኮኒው ሣጥን አንስቶ ከቅጹ ጋር ሊወጋው፣ «ውጤት» ከሚለው ባዶ ቦታ አጠገብ አስጠጋው። ከዚያ መርፌ ቁልፉን ወደ ሣጥኑ መለሰ፤ ደረሰኙን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ካውያውን አንስቶ ወደ ጎን አስቀመጠና የአንሶላውን ሁለት ጫፎች ያዘ።

«ምን እያደረግክ ነው? አውቶቡሱ ያመልጥሃል እኮ!»

«ስንት ነው?»

«አርባ። ለእንግዳ ማረፊያው ነው፣ እስከ ምሽት... ጩጬ፣ ሂድ እንጂ! አንተ ደንቆሮ!»

ቃሏን ከስልክ ውጭ ከሰማ አሥራ አንድ ወሩ ነበር። አንሶላው እስኪወጠር ድረስ፣ በተሰቀሉት ልብሶች መካከል ጎንበስ እያለ፣ ወደ ኋላ ሄደ። እሷም በወዲያኛው ጫፍ፣ ሳይታወቃት፣ ይዛለች።

«በይ፣ ነይ» አላት።