የብርሃነመስቀል ተራ

ሠርክ ለባሏ እንደገና ደወለች። ነርሷ የምርመራ ክፍሉን በር ገርበብ አድርጋ አንገቷን ብቅ አደረገችና በአገሩ ልማድ በበኩር ልጅዋ ስም ጠራቻት።

“ማማ ዮአብ፣ ባለቤትሽ የት ደረሱ? ዶክተሯ ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው።”

“እየመጣ ነው። ትንሽ ታገሺኝ።”

ስልኩ ተነሣ።

“የት ነህ?” አለች ሠርክ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“መንገድ ላይ ነኝ። ጃም ነው እባክሽ፤ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።”

ሠርክ በመስኮቱ ወደ ታች አየች። ቅዳሜ ረፋድ ነው። በሥራ ቀን መኪና ከመኪና ተጣብቆ የሚውልበት የዌስትላንድስ መንገድ ጭር ብሏል፤ አንድ ማታቱ ሚኒባስ በሩን ከፍቶ ተሳፋሪ ፍለጋ እየተጎተተ ይሄዳል። ልትናገር አፏን ስትከፍት በስልኩ ውስጥ የካርቱን ዘፈን ሰማች። ቀጥሎ የትንሿ ልጅዋ የሚርያም ድምፅ መጣ። “አባ፣ ሌላ ክፈትልኝ!”

“ብርሃኔ፣ ከቤት አልወጣህም።”

“ልወጣ ስል እኮ ነው… ሆዴን እንደ መቁረጥ አደረገኝ…”

ስልኩን ዘጋችው። ይህ ቀጠሮ የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ሆድ ቁርጠቱን ታምነው ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ ጊዜ ራቅ ብሎ ቱርካና የሚሠራበት የውኃ ፕሮጀክት ድንገት ፈለገው። በሁለተኛው ጉንፋን ያዘው። ለዛሬው ራሱ ቀን መረጠ። ትልልቆቹ ልጆች፣ ዮአብና አቢግያ፣ የዋና ትምህርት ላይ ናቸው፤ እሷ ለደም ግፊት ምርመራዋ ቀድማ ትመጣለች፤ እሱ ሚርያምን ጎረቤት ትቶ ይከተላል። ትናንት እራት ላይ “ነገ ተገላገልን” ብሎ እጇን ይዞ ነበር።

ዶክተር ዋንጂሩ ጓንቷን አውልቃ ወደ መጠበቂያው መጣች። ረጅም፣ ንግግሯ የማይቸኩል ሴት ናት። ሠርክ ሚርያምን ስትወልድ ያዋለደቻትም እሷ ነበረች።

“አይመጣም?”

“አይመጣም።”

ዶክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች። “የሱን የዘር ቱቦ መቋጠር ከሠላሳ ደቂቃ የማያልፍ ሥራ ነበር። ማደንዘዣው የሚሰጠው እዚያው ቦታው ላይ ብቻ ነው፤ ሰኞ ቢሮው ይገባ ነበር።”

“ነግሬዋለሁ። አንቺም ነግረሽዋል።”

“እንግዲያው ስላንቺ እንነጋገር። ግፊትሽ ዛሬም አልወረደም። የእርግዝና መከላከያ ኪኒኑን ከዛሬ ጀምሮ ታቆሚያለሽ። ይህን ስል ምክር እየሰጠሁሽ አይደለም።”

“ኪኒኑን አቁሜ ምን ልያዝ?”

የቀረ ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ከዮአብ በኋላ መርፌ ተወጋች፤ ሰውነቷ አበጠ፣ ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ከአቢግያ በኋላ ማህፀኗ ውስጥ ሉፕ አስገባች፤ ደሟ እየፈሰሰ በምትሠራበት የአየር መንገድ ቢሮ ወንበሯ ላይ ሻሽ አንጥፋ የምትቀመጥበት ጊዜ ነበር። ሉፑ ከወጣ በኋላ ሚርያም ሳትታሰብ ተፀነሰች። ከሚርያም በኋላ ክንዷ ውስጥ የሚቀበረውን ሞከረች፤ ደሙ ወር ሙሉ አይቆምላትም ነበር። ከዚያ ኪኒኑ መጣ፤ ከኪኒኑ ጋር ግፊቱ። የሷን ቱቦ መቋጠርም ታስቦ ነበር፤ በሦስቱም ወሊድ የተቀደደ ሆድ ከዚህ ግፊት ጋር እንደገና መክፈት ግን ዶክተሯ አልወደደችውም። ብርሃነመስቀል ኮንዶምን አይወድም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሱ ድርሻ “ተስማማሽ?” ብሎ መጠየቅ ነበር።

“ሚርያምን ስትወልጂ የሆነውን ታስታውሻለሽ?” አለች ዶክተሯ።

“እኔማ ምኑን አስታውሳለሁ?”

እውነቷን ነው። የምታስታውሰው ዓይኗ ላይ የተበተነውን ብርሃንና የራስ ምታቱን ብቻ ነው። መንቀጥቀጧን፣ ምላሷን መንከሷን፣ ሁለት ቀን አለመንቃቷን የነገራት ብርሃነመስቀል ነው። ሲነግራት አልቅሷል።

“አሁን ብታረግዢ ያ ሊደገም ይችላል፤ ሁለተኛ ግን ላናተርፍሽ እንችላለን። ይህንን ለሱም በእንግሊዝኛ፣ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ” አለችና ዶክተሯ ተነሣች። “ተራውን ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው። ይቅርታ።”

ቤታቸው ያለበት ኪሌሌሽዋ ቅርብ ነው። ታክሲው ያለ አንዳች መጓተት አደረሳት፤ ይህም አናደዳት።

ብርሃነመስቀል ሽርጥ አገልድሞ ማዕድ ቤት ቆሟል። ሽንኩርት ከትፏል፣ ሩዝ ጥዷል። ጥፋት ሲሠራ ምግብ ያበስላል። ሚርያም ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተኝታ ቴሌቪዥን ታያለች።

“ሠርኬ፣ እንዳትቆጪ። አስረዳሻለሁ።”

“አስረዳኝ።”

“ቶማስ አንድ ነገር ነገረኝ። አንድ የሚያውቀው ሰው አሠርቶት፣ ከዚያ በኋላ… እንደ ድሮው አልሆነም አለኝ።”

“ቶማስ ሐኪም ነው?”

“አይደለም፤ ግን—”

“ቶማስ መኪና አስመጪ ነው ብርሃኔ! ዶክተሯ ምንም አይቀየርም ስትልህ ራስህን ስትነቀንቅ አልነበር? መሐንዲስ ነህ። ስለ ቱቦ ለዓለም ሁሉ ሪፖርት ትጽፋለህ።”

ሊስቅ ከጀለው፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ምድጃውን ቀነሰ።

“ሌላ ዓይነት መርፌ አይኖርም? ለሴት አዳዲስ ነገር በየጊዜው ይወጣል ይባላል…”

“ለሴት።”

“እንደዚያ ማለቴ አይደለም።”

“ያልሞከርኩት ካለ ንገረኝ። አምጣውና ዛሬውኑ ልዋጠው።”

 ሽንኩርቱን በማማሰያ ወዲያና ወዲህ ገፋው።

“ልጅ ያምርሃል?” አለችው። “አራተኛ ልጅ ፈልገህ ነው?”

“ኧረ በፍጹም! የነዚህስ የትምህርት ቤት ክፍያ?”

“ታዲያ ምንድነው?”

“አንዴ ከተቋጠረ አይመለስም ይላሉ። ሰው የነገውን አያውቅም። አንድ ነገር ቢደርስ…”

“ምን ቢደርስ?”

“እንዲያው፣ ለምሳሌ ነው። ሕይወት አይታወቅም። ሰው እንደገና መጀመር ቢኖርበት…”

ጀርባውን ሰጥቷት ነበር የሚናገረው። የተናገረውን ራሱ የሰማው ዘግይቶ ይመስላል፤ ማማሰያውን እንደያዘ ዞረ።

“እኔ ብሞት ማለትህ ነው” አለች ሠርክ።

“አላልኩም!”

“እኔ ብሞት ሌላ ታገባለህ፤ እሷም ልጅ ትፈልግ ይሆናል። ለሷ እየቆጠብክላት ነው። እኔን ደግሞ የሚገድለኝ ይኸው የምትቆጥበው ነገር ነው። ይህ ሒሳብ እንዴት አይታይህም?”

“ሠርክ፣ በእግዚአብሔር! ከአፌ ነው ያመለጠኝ። ፈርቼ ነው፤ ፍርሃት ነው።”

“እኔ አልፈራም? ሦስቴ ሆዴን ሲቀዱኝ አልፈራሁም?”

ሚርያም ድምፅ ስትሰማ ከሳሎን መጥታ የእናትዋን እግር አቀፈች። ሠርክ አነሣቻትና አንገቷ ውስጥ ፊቷን ደበቀች። የልጅቷ አንገት ብስኩት ብስኩት ይሸታል። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ አልመጣላትም።

ከሰዓት በኋላ ዮአብና አቢግያ ፀጉራቸው እንደራሰ ከዋና ተመለሱ። ሁሉም ሩዙን በሉ። ብርሃነመስቀል ለልጆቹ ቀልድ እየፈጠረ ያስቃቸው ነበር፤ በየመሐሉም ሠርክን ያያል። ሳህኖቹን እሱ አጠበ። እጁን እያደራረቀ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

“ይኸውልሽ፣ ወስኛለሁ” አላት ቀስ ብሎ። “ለሚቀጥለው ወር አስይዢልኝ። በዚህኛው ማርያምን እሄዳለሁ።”

ያለፉትን ቀጠሮዎች ሁሉ ያስያዘችው፣ ያስታወሰችው፣ ይቅርታ የጠየቀችለት እሷ ናት። እጇ ወደ ስልኩ ሊሄድ ሲል ተሰማት። እዚያው ተወችው።

“የክሊኒኩን ስልክ ታውቀዋለህ” አለችው፤ ተነሥታም ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ስትመለስ ትራስ፣ አንሶላና ወፍራሙን ብርድ ልብስ በሁለት እጇ ታቅፋ ነበር። የሶፋውን መከዳዎች አንድ በአንድ አንስታ ግድግዳው ጥግ ደረደረች። አንሶላውን አራግፋ አነጠፈችና ጠርዙን ከሥር አስገባች። ውጭው ገና ፀሐይ ነው፤ የጎረቤት ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ።

አቢግያ ከክፍሏ ወጥታ ቆመች። “ማሚ፣ ጌስት ይመጣል እንዴ?”

“አይመጣም፣ የኔ ልጅ።”

“ሶ ማነው የሚተኛበት?”

ብርሃነመስቀል ማዕድ ቤቱ በር ላይ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። “ሠርኬ፣ ልጆቹ ፊት…” አለ፣ በሹክሹክታ።

“አባትሽ ነው” አለች ሠርክ ለልጅዋ፣ ወደ እሱ ሳትዞር። “ዶክተር ጋ ደርሶ እስኪመጣ ድረስ እዚህ ነው የሚተኛው።”

ትራሱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አለዘበችውና ራስጌው ላይ አኖረችው።